ሲበላሽ ውኃው ወዴት ይሄዳል? የአኳሪየም ቧንቧን በገዛ እጅ ለሚሠሩ የአማራጮች ንጽጽር

ባዶ እግሬ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። መብራቱን ሳበራ የዓሣ ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ውኃው ጠርዙን እየተሻገረ በመስታወቱ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ቤታቸው ስለሰፋላቸው ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ከሥሩ ባለው ካቢኔ፣ በሁለተኛ ትንሽ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠው ፓምፕም ያለ እንከን ይሠራል። መከራው ያ ነበር፦ ውኃውን ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ቧንቧ ቆሟል፣ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ግን አልቆመም። ጠዋት ቧንቧውን ነቅዬ ሳየው መግቢያው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀንድ አውጣ ተለጥፋለች።

ውኃው ወደ ታች የሚያልፍበትን መውረጃ ሳጥን የሸጠልኝ ሰው «ይህ ፈጽሞ አያፈስም» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ ሳጥኑ አላፈሰሰም፣ ያፈሰሰው ገንዳው ነው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የአኳሪየም ቧንቧ አማራጮችን የማወዳድረው በሚሠሩበት ቀን አይደለም። በሚሠራበት ቀን ሁሉም ጥሩ ነው። የምጠይቀው የተበላሸ ዕለት ስንት ሊትር ወለል ላይ እንደሚያስቀር ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ሚዛን የተመዘነ ስለሆነ፣ ውበትን ወይም ፍጥነትን የሚያስቀድም ሰው በአንዳንዱ ፍርዴ ላይስማማ ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ስሌት

የገንዳዎን ርዝመትና ወርድ በሴንቲ ሜትር ለክተው ያባዙ፤ ለ1,000 ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር የውኃው ወለል በ1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ወይም ሲወጣ ስንት ሊትር እንደሚንቀሳቀስ ይነግርዎታል። የእኔ ገንዳ 120 በ45 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 5.4 ሊትር ነው። ከዚህ በኋላ የማነሣው ምሳሌ ሁሉ በዚህ ገንዳ ላይ የተመሠረተ ነውና ቁጥሩን ይያዙት።

የዚያን ሌሊት ጉዳይ እንኳ በዚሁ ስሌት ይፈታል። ከውኃው ወለል እስከ ገንዳው ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ነበረኝ፤ 16 ሊትር ገደማ ይይዛል። በታችኛው ገንዳ ፓምፑ የተቀመጠበት ክፍል ግን 30 ሊትር ነበረው። መውረጃው ሲዘጋ ፓምፑ 30ውንም ሊትር ወደ ላይ ገፋ፤ 16ቱን ገንዳው ቻለ፣ 14ቱን ምንጣፉ ጠጣ። የፓምፑ ክፍል 12 ሊትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ደርቆ ይጮህ ነበር እንጂ አንዲት ጠብታ አትፈስም ነበር።

የውጭ ማጣሪያ ወይስ የታች ገንዳ?

ካኒስተር የሚባለው ዝግ የውጭ ማጣሪያ ሁለት ጎማ አለው፤ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ይመልሳል። የታች ገንዳ ደግሞ ካቢኔው ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ መስታወት ነው፤ ውኃው ከላይ በራሱ ክብደት ይወርድለታል፣ ፓምፕ መልሶ ያወጣዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስተማማኝ፣ ሁለተኛውን አደገኛ አድርጎ ያያል። ዝግ ነገር አያፈስም ከሚል ስሜት የመጣ ይመስለኛል።

ስሌቱ የሚለው ሌላ ነው። የካኒስተር መሳቢያ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገንዳው ወለል ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ከውኃው ወለል 35 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል እንበል። ካቢኔው ውስጥ ያ ጎማ ከመጋጠሚያው ቢወልቅ፣ በርሜል ውስጥ ጎማ ነክሮ በአፍ ስቦ ውኃ የቀዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንዴ የተጀመረ ሳይፈን አየር እስኪያገኝ አይቆምም። 35 በ5.4 ሲባዛ 189 ሊትር ነው። ሳሎን ውስጥ 189 ሊትር! ልኩ ተጠንቶ የተሠራ የታች ገንዳ ግን መብራት ቢጠፋም፣ ፓምፑ ቢቃጠልም፣ መውረጃው ቢዘጋም የሚያፈሰው ዜሮ ነው። ዋናው ነገር «ልኩ ተጠንቶ» የሚለው ነው፤ ካኒስተሩ ይህን ጥናት አይጠይቅም፣ ዕድልን ብቻ ይጠይቃል።

እንዲህ ስል ካኒስተር ይጣል ማለቴ አይደለም። ገንዳው ከ100 ሊትር በታች ከሆነ የታች ገንዳ ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ተክል ለማሳደግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጨምር ሰውም ካኒስተርን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ከአየር ጋር እየተላተመ ጋዙን ያባክነዋል። በካኒስተር ለሚቆይ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ማሻሻያ በየመጋጠሚያው የጎማ ማጥበቂያ ቀለበት ማሰር ነው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ሁለት ቦል ቫልቭ (መክፈቻና መዝጊያ)፣ በመካከላቸውም ዩኒየን (በእጅ የሚፈታ መጋጠሚያ) ማስገባት ይመጣል፤ ለጽዳት ሲነቀል ሁለቱንም ወገን ዘግቶ መፍታት ያስችላል። የመስመር ማሞቂያ ለመጨመር ካሰቡ ከማጣሪያው በኋላ፣ በመመለሻው ጎማ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይግባ፤ በመሳቢያው በኩል ቢገባ ያልተጣራ ቆሻሻ ይሰበሰብበታል። ውኃውን በብዙ ቀዳዳ የሚረጨውን ዘንግ ደግሞ ወደ ውኃው ወለል፣ ወደ ላይ፣ ያስጠጉት። የመመለሻው ጎማ ቢወልቅ ቶሎ አየር ስቦ ያቆማል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለታች ገንዳ ሠሪዎች ነው።

መስታወቱን መብሳት ወይስ ሳጥን ማንጠልጠል?

ውኃ ከላይኛው ገንዳ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ መስታወቱን በስቶ ቧንቧ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ሁለት ሳጥን፣ አንዱን ከውስጥ አንዱን ከውጭ፣ አንጠልጥሎ በዩ ቅርጽ ቱቦ በሳይፈን ማገናኘት ነው። እኔን ያጋጠመኝ ሁለተኛው ነው።

የሚንጠለጠለው ሳጥን ትልቁ ማባበያ ገንዳውን ሳይነካ፣ ዓሣውን ሳያስወጣ በአንድ ከሰዓት የሚገጠም መሆኑ ነው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኖቹ ውኃ ይዘው ስለሚቀሩ መብራቱ ሲመለስ ሳይፈኑ በራሱ ይቀጥላል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ጣጣው የሚመጣው ፍሰቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ጥቃቅን የአየር አረፋዎች በቱቦው ጉብታ ላይ ይጠራቀማሉ፤ አረፋው እያደገ ሄዶ አንድ ቀን ሳይፈኑን ይበጥሰዋል። ፈጣን ፍሰት አረፋውን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ቀንድ አውጣና አልጌ ግን ፍሰቱን ያቀዘቅዙታል። ሳይፈን አንዴ ከተበጠሰ ያለ ሰው እጅ አይመለስም፤ ፓምፑ ደግሞ ይህን አያውቅም።

የተበሳ ገንዳ የሚታመነው በስበት ላይ ብቻ ነው። ስበት አየር አይገባበትም፣ አይበጠስም። ቀዳዳው ሊደፈን ይችላል፤ እሱንም ቀጥሎ የምናየው ሁለተኛ ቧንቧ ይመልሰዋል። ስለዚህ ገንዳው ባዶ ከሆነና መስታወቱ የሚበሳ ዓይነት ከሆነ ያለ ማመንታት ይብሱት። የሚንጠለጠለው ሳጥን ገንዳው ሞልቶ ዓሣ ላለበት፣ ወይም መስታወቱ ለማይበሳለት ሰው ብቻ ይቅር። እሱም ቢሆን የፓምፑን ክፍል መጠን ከላይ ባለው ስሌት ካጠበቡ ወዲያ ነው።

የሚበሳውን ከማይበሳው መለየት የግድ ነው። ቴምፐርድ የሚባለው በሙቀት የጠነከረ መስታወት መሰርሰሪያ ሲነካው በአንድ አፍታ ወደ ሺህ ፍርፋሪ ይለወጣል። የብዙ ገንዳዎች ወለል እንዲህ ያለ ነው፤ ጎንና ጀርባቸው ግን ተራ መስታወት ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ የኮምፒውተር ወይም የስልክ ኤልሲዲ ስክሪን ነጭ ገጽ አብርተው ከመስታወቱ በአንድ ወገን ያስቀምጡ፤ በሌላው ወገን ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ይያዙና ስክሪኑ እስኪጨልምብዎ ድረስ ያሽከርክሩት። መስታወቱ ተራ ከሆነ ጨለማው አንድ ወጥ ሆኖ ይቆያል። ቴምፐርድ ከሆነ የደመና ቁራጭ የመሰሉ ነጠብጣቦች ወይም ሽንትሮች ብቅ ይላሉ። ጥርጣሬ ካለብዎ አይብሱ።

አበሳሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ የሚሰበረው መስታወት ብቻ ሳይሆን ልብም ነው። መጀመሪያ ማሳለፊያ መጋጠሚያውን ይግዙ፣ ከዚያ ለእሱ የታዘዘውን የቀዳዳ ልክ አይተው በአልማዝ ዱቄት የተለበጠ ክብ መጋዝ ይምረጡ እንጂ በተገላቢጦሽ አይሂዱ። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይሁን፤ ቀዳዳው 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማዕከሉ ከጠርዙ ከ67.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይርቃል ማለት ነው። ከኋላ ወፍራም ፕላስተር ይለጥፉ፤ ሊወድቅ ያለውን ክብ ቁራጭ ይይዛል፣ ጠርዙም እንዳይፈረካከስ ያግዛል። በቀዳዳው ዙሪያ ከልጆች መጫወቻ ጭቃ ትንሽ ግድብ ሠርተው ውኃ ይሙሉበት። መሰርሰሪያው በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ውኃና የኤሌክትሪክ ገመድ አይስማሙም።

ከዚያ በዝግታ ማዞር ነው። አይጫኑ፤ የመሰርሰሪያው ክብደት ራሱ ይበቃል። ውኃው ወተት እየመሰለ ይሄዳል፣ ያ የተፈጨ መስታወት ነው፤ ሲወፍር ይቀይሩት። ለ10 ሚሊ ሜትር መስታወት ከ10 ደቂቃ በላይ ቢፈጅብዎ የመጋዙ ችግር አይደለም፣ ጤናማ ነው። ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይለወጣል፣ ከሻካራ ማጉረምረም ወደ ቀጭን ፉጨት። ያኔ እጅዎን የበለጠ ያቅልሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግን ሳይናገሩት የሚታወቅ ነው ብዬ አላልፈውም።

መጋጠሚያው ሲገባ የጎማ ቀለበቱ በውኃው ወገን፣ ከሰፊው ከንፈር ሥር ይቀመጣል። በእጅ ይጥበቅ፤ ቢበዛ ሩብ ዙር ይጨመርበት። ቀለበቱን ሲሊኮን መቀባት ብዙዎች የሚወዱት ስሕተት ነው፤ ቀለበቱ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ሲሊኮን ደግሞ ፒቪሲን አጥብቆ አይዝም።

መውረጃው፦ አንድ ቧንቧ፣ ሁለት ወይስ ሦስት?

እዚህ ላይ ሦስት ስሞች ይደጋገማሉ፦ ዱርሶ፣ ሄርቢ፣ ቢንአኒማል። በተግባር ልዩነታቸው የቧንቧ ቁጥርና አየርን የሚያስተናግዱበት መንገድ ነው።

ዱርሶ አንድ ቧንቧ ነው። አናቱ ላይ የቲ ቅርጽ መጋጠሚያ ተገጥሞለት ውኃው በጎን ይገባል፣ በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ አየር ይገባል። ውኃው የቧንቧውን ግድግዳ ተከትሎ ስለሚወርድ የገንዳ መፍሰሻ የሚያሰማውን ማንኮራፋት ያስቀራል። ያም ሆኖ አየርና ውኃ አብረው ስለሚወርዱ ሙሉ ጸጥታ የለም፣ ቧንቧውም ወፈር ማለት አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ብቻውን መሆኑ ነው። ቢደፈን መተኪያ የለውም።

ሄርቢ ሁለት ቧንቧ አለው። አንደኛው ሙሉ በሙሉ በውኃ የተሞላ ነው፣ አየር የለበትም፤ ፍሰቱም ከታች ባለ ጌት ቫልቭ (በብዙ ዙር በጥቂት በጥቂቱ በሚከፈትና በሚዘጋ) ይለካል። አየር ስለሌለው ድምፅም የለውም፤ ሌሊት አጠገቡ ተኝቼ ፓምፑ ጠፍቶ ይሆን ብዬ የተነሣሁበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ቧንቧ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቀጭን ውኃ ብቻ ይወርድበታል ወይም ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል። ዋናው ሲደፈን ሸክሙን ሁሉ ይረከባል። ስለዚህ ሁለተኛው ብቻውን የፓምፑን ሙሉ ፍሰት መቻል አለበት፤ ቫልቭም በላዩ አይግጠሙበት፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ይዘጋዋልና።

ቢንአኒማል ሦስተኛ ይጨምራል። አንዱ እንደ ሄርቢ ሙሉ ሳይፈን፣ ሁለተኛው ትርፉን የሚያወርድ ክፍት ቧንቧ፣ ሦስተኛው ደረቅ መጠባበቂያ። ብልሃቱ በክፍቱ ቧንቧ ላይ ነው፦ ከአናቱ አንዲት ቀጭን የአየር ጎማ ወጥታ ጫፏ ከውኃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ሳይፈኑ ተደፍኖ ውኃው ሲነሣ የጎማዋ ጫፍ ይሰጥማል፣ አየር ይቋረጣል፣ ክፍቱ ቧንቧ ራሱ ወደ ሳይፈን ይለወጣል። ማንም ሳይነካው። ይህን ያሰበ ሰው እንደኔው እርጥብ ምንጣፍ የረገጠ ይመስለኛል።

ከሦስቱ የቱ? ሁለት ቀዳዳ መብሳት ከቻሉ ሄርቢ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ገንዳው ትልቅ ከሆነ፣ ከቤት ለቀናት የሚርቁ ከሆነ፣ ወይም ቫልቭ መነካካት የማይወዱ ከሆነ ሦስተኛው ቀዳዳ ልፋቱን ይከፍላል፤ ክፍቱ ቧንቧ የፍሰቱን ትንንሽ መዋዠቅ ስለሚውጥ በየሳምንቱ ማስተካከል አይኖርም። ዱርሶን የምመክረው አንድ ቀዳዳ ያለው ገንዳ ተሠርቶ እጁ ለገባ ሰው ብቻ ነው።

ለሳይፈን ቧንቧዎች አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ የታችኛው ጫፍ ከታችኛው ገንዳ ውኃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይግባ። ጠልቆ ከተነከረ በቧንቧው ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣና ሳይፈኑ ለመጀመር ያስቸግራል።

መመለሻው መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የመመለሻው ቧንቧ ግን አሁን በተገላቢጦሽ መሳቢያ ይሆናል። የመመለሻው አፍ ከውኃው ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ 27 ሊትር ወደ ታች ይመጣል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ራሱ ኢምንት ነው፤ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ 1.5 ሜትር ቧንቧ ከ1 ሊትር ያነሰ ይይዛል። ስለዚህ የሚያሰምጠን የአፉ ጥልቀት ነው።

መከላከያው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ማገጃ ቫልቭ ነው፤ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል። ሻጮች ይወዱታል። እኔ አላምነውም፦ የኖራ ቅርፊት፣ የተክል ቁራጭ ወይም ያቺው ቀንድ አውጣ መካከሉ ላይ ከተቀመጠች አይገጥምም፣ አለመግጠሙንም መብራት እስኪጠፋ ድረስ አይነግርዎትም። በዚያ ላይ የፓምፑን ጉልበት ይቀንሳል። ሁለተኛው ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ በመመለሻው ቧንቧ ላይ የአየር ቀዳዳ መብሳት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን አልጌ ይደፍነዋል፣ በየወሩ በጥርስ መጎርጎሪያ መጠረግ አለበት። ሦስተኛው የመመለሻውን አፍ ራሱን ወደ ላይ አንሥቶ ከውኃው ወለል 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማጥለቅ ነው። 5.4 ሊትር ወርዶ አየር ይገባል፣ አለቀ። የሚደፈን ነገር የለውም፣ የሚረሳ ጽዳት የለውም። የታችኛው ገንዳ ይህንን ውኃ የሚቀበል ክፍት ቦታ ካለው ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው። ማገጃ ቫልቭ መግጠም ካማረዎ ይግጠሙ፤ ስሌቱን ግን እንደሌለ ቆጥረው ይሥሩ።

የቧንቧው ዓይነት

መዳብ፣ ነሐስና በዚንክ የተለበጠ ብረት ውኃው በሚነካው ቦታ አይግቡ። መዳብ ለሽሪምፕ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ነው፤ ጨዋማ ውኃ ደግሞ ብረቱን እየበላ ያሟሟዋል። የቀረው ምርጫ በፒቪሲ፣ በፒፒአርና በጎማ መካከል ነው።

ለቤት ውኃ መስመር በሙቀት የሚገጣጠመው ፒፒአር በጥንካሬ ወደር የለውም፤ በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ሲገጥም መጋጠሚያውና ቧንቧው አንድ አካል ይሆናሉ። ለአኳሪየም ግን ሁለት እንከን አለበት። የማቅለጫ ማሽኑን ጠባብ ካቢኔ ውስጥ ማስገባት ፈተና ነው። ሁለተኛው ከውጭ አይታይም፦ ግድግዳው ወፍራም ነው። ለሙቅ ውኃ የሚሸጠው የ25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ 1.9 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው የ25 ፒቪሲ ውስጥ 21.2 ነው። በተመሳሳይ ፍሰት የሰበቃ ኪሳራ (ውኃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ የሚጠፋው ጉልበት) በዲያሜትሩ አምስተኛ ኃይል ገደማ ስለሚቀየር፣ ይህች ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰች ልዩነት ኪሳራውን ከሦስት እጥፍ በላይ ታደርሰዋለች። ፒፒአር ከመረጡ አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉ።

የእኔ ምርጫ በማጣበቂያ የሚገጠም ፒቪሲ ነው። ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ስሕተትን ስለሚችል፦ ዩኒየን በየቦታው ካስገቡ የተበላሸውን ቆርጦ አዲስ መቀጠል ይቻላል። አንድ ወጥመድ አለው። በደረቁ ሲሞክሩት ቧንቧው እስከ መጋጠሚያው መጨረሻ አይገባም፤ ውስጡ ወደ መጨረሻው ስለሚጠብ መካከል ላይ ይይዛል። ማጣበቂያ ሲቀባ ግን ፕላስቲኩ ይለሰልስና ተንሸራትቶ እስከ ጥግ ይገባል። በደረቁ ልክ የቆረጡት ቧንቧ አሁን በየመጋጠሚያው አጥሮ ይገኛል፣ መስመሩም ይንጋደዳል። ስለዚህ የመጋጠሚያውን ጥልቀት በማስመሪያ ለክተው፣ በቧንቧው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ይሥሩ። ማጣበቂያውን በሁለቱም ገጽ ቀብተው፣ አስገብተው፣ ሩብ ዙር አዙረው 30 ሰከንድ ያህል ይያዙት፤ ካልያዙት መልሶ ይገፋዎታል። ውኃ ከማስገባትዎ በፊት 24 ሰዓት ይስጡት።

ጎማ ለመታጠፍ ምቹ ነው፣ ጎሚቶ (የመታጠፊያ መጋጠሚያ) አያስፈልገውም። ሆኖም ግልጽ ጎማ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ውስጡ አልጌ ያበቅላል፣ በዓመታትም ይደርቃል። ሁሉንም በጎማ ከመሥራት ይልቅ ከፓምፑ አፍ ላይ አንድ ስንዝር ለስላሳ ሲሊኮን ጎማ፣ የቀረውን ፒቪሲ ማድረግ ይሻላል፤ የፓምፑ ንዝረት ወደ ካቢኔው እንዳይተላለፍ ያቺ ስንዝር ትበቃለች።

ስለ ጎሚቶ ካነሣን፣ አንዱን የ90 ዲግሪ ጎሚቶ በሁለት 45 መተካት ፍሰት ይጨምራል የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። የምህንድስና ሠንጠረዦች አያግዙትም፤ ተራ የ90 ጎሚቶ የዲያሜትሩን 30 እጥፍ ቀጥተኛ ቧንቧ ያህል ሲቋቋም፣ የ45ቱ እያንዳንዱ 16 ነው፣ ሁለቱ 32። ሁለት ተጨማሪ የማጣበቂያ ሥራ ለከንቱ! ፍሰት ከፈለጉ ቧንቧውን ያወፍሩ፣ የመታጠፊያውን ቁጥር ይቀንሱ።

ምን ያህል ፍሰትስ ያስፈልጋል? ለታች ገንዳ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ጊዜ የገንዳውን ውኃ ማዞር ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ለ270 ሊትር ገንዳ 1,000 ሊትር አካባቢ ማለት ነው፤ በፓምፑ ካርቶን ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን በእርስዎ ከፍታ ላይ የሚሰጠው። የፓምፑ ጣሪያ (ውኃን ሊያደርስ የሚችልበት ከፍተኛው ከፍታ) 3 ሜትር ከሆነ በ3 ሜትር ላይ የሚሰጠው ዜሮ ነው፤ ግራፉን ያንብቡ።

ቫልቭ

አጭር ነው። ለመክፈትና ለመዝጋት ቦል ቫልቭ፣ ለመለካት ጌት ቫልቭ። ቦል ቫልቭ ከዝግ እስከ ክፍት ሩብ ዙር ብቻ ነው፤ የሳይፈንን ፍሰት በእሱ ማስተካከል ጨው በአካፋ እንደ መመጠን ነው። ጌት ቫልቭ ብዙ ዙር ስላለው በጥቂቱ ይታዘዛል። ሰውነቱ ፕላስቲክ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ብዙዎቹ ነሐስ ናቸው። በጥርስ የሚገጠም ከሆነ ቴፍሎን ጠቅልለው በእጅ ያጥብቁት፤ ሴቴው የፕላስቲክ ጥርስ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ወዲያው ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ነው የሚሰነጠቀው።

ውኃ ለመቀየርና ለመሙላት

ባልዲ ጀርባ ይሰብራል፣ ግን ቤት አያጥለቀልቅም። ከፓምፑ በኋላ በመመለሻው ላይ ቲና ቦል ቫልቭ ገጥሞ ጎማ ወደ ፍሳሽ መዘርጋት ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም የወደድኩት ማሻሻያ ነው፤ ቫልቩን ስከፍት ፓምፑ ራሱ አሮጌውን ውኃ ያወጣዋል። ከፍቼ ረስቼው ስልክ ሳወራ የቆየሁበት ቀን አለ። ጉዳቱ የፓምፑ ክፍል መድረቁ ብቻ ነበር፣ 12 ሊትር፤ አዲሱ ክፍል ጠባብ ስለሆነ።

ቀንም ሌሊትም ጠብ ጠብ የሚል መስመር ደግሞ ሰውን ከባልዲ ነፃ ያወጣል፣ ነገር ግን ሒሳቡ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ግማሹን ውኃ በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የቆሻሻው 50 በመቶ ይወጣል። ያንኑ መጠን በጠብታ ካስገቡ ከአሮጌው ጋር አዲሱም አብሮ ስለሚወጣ የሚቀነሰው 39 በመቶ ገደማ ነው። የሚገባው ውኃ በክሎሪን ወይም በክሎራሚን የታከመ ከሆነ በካርቦን ማጣሪያ ማለፍ አለበት፤ ክሎሪን ውኃው ሲቀመጥና ሲናወጥ ይተናል፣ ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

የተነነውን የሚተካ ተንሳፋፊ ቫልቭ ሲገጥሙ ከቤቱ የግፊት መስመር ጋር በቀጥታ አያገናኙት። ቢጣበቅ ማብቂያ የለውም። ከተለየ ማጠራቀሚያ ይሙላ፣ ማጠራቀሚያውም የታችኛው ገንዳ ከሚችለው ክፍት ቦታ አይብለጥ። በሴንሰርና በትንሽ ፓምፕ የሚሠራውም ቢሆን ለዚሁ ሕግ ይገዛል።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት

ገንዳውን በውኃ ብቻ ሞልተው አንድ ቀን ከሌሊቱ ያስኬዱት። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ የወጥ ቤት ወረቀት ያንጥፉ፤ ዓይን የማታየውን እርጥበት ወረቀቱ ያሳያል። ወደ ሶኬት የሚሄዱ ገመዶች ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ይውጡ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታጠፈው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ፓምፑን ይንቀሉ። ታችኛው ገንዳ እስከ የት እንደሚሞላ ቆመው ይመልከቱ፤ መልሰው ይሰኩ፣ ሳይፈኑ ያለ እርዳታ መጀመሩን ይዩ፤ አምስት ጊዜ ይድገሙት። ቀጥሎ ሰው የማያደርገውን ያድርጉ፦ ዋናውን መውረጃ በእጅዎ ይድፈኑት። መጠባበቂያው ሁሉንም መሸከሙን ካዩ በኋላ እሱንም ይድፈኑ፣ ፓምፑም ክፍሉን አድርቆ አየር መሳብ እስኪጀምር ድረስ የላይኛውን ገንዳ ጠርዝ ይመልከቱ። ውኃው ከጠርዙ በታች ከቆመ ተሳክቷል፤ ፓምፑን ወዲያው ያጥፉት፣ ደርቆ እንዳይጎዳ።

በመጨረሻ ፓምፑ ሲቆም ታችኛው ገንዳ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚቀርበትን የውኃ መጠን ይፈልጉ፤ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ያ መጠን የሚደርስበትን ቦታ በማይለቅ ማርከር ያስምሩ። የእኔ መስመር ላይ ልጄ ከስር «ከዚህ በላይ ውኃ ክልክል ነው» ብላ በተንጋደደ ፊደል ጽፋበት፣ አጠገቡ አንዲት ቀንድ አውጣ ሥላለች።